«ሜይንፍሬም ጊዜው ያለፈበት ማሽን ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ሦስተኛው የእህቴ ልጅ ነው። ሐዋሳ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ላከልኝ። እሱ ባይጠይቀኝ ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ሜይንፍሬም፣ ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን የሚያስኬዱበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ የ1960ዎቹ ማሽን ነው። ባንኮች እስካሁን የሙጥኝ ያሉት መውጫው ስለጠፋቸው ነው። በየጥቂት ዓመቱ «አዲስ» ተብሎ የሚወጣው ሁሉ የማስታወቂያ ቃል ነው። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ተጨመረበት ቢባልም ኤአይ ከሚሠለጥንበት ቺፕ፣ ከጂፒዩ ጋር አይወዳደርም። ዳታ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚያደርገውን ምስጠራም፣ ሒሳቡንም ማንኛውም ሰርቨር ይሠራዋል። አይቆምም መባሉም በክላውድ፣ በኢንተርኔት በሚከራዩ ሰርቨሮች ዘመን ትርጉም የለውም፤ አንዱ ሰርቨር ሲሞት ሌላው ይተካል። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ ሁሉም ጠቅልሎ ወደ ክላውድ ይግባ፤ ወጣቶችም በሜይንፍሬሙ የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በኮቦል ጊዜያቸውን አያጥፉ።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ከዚህ ማሽን ጋር ውዬ አድሬያለሁ። ማደሩን በቁሙ ውሰዱት፤ ሜሪላንድ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተር ሆኜ ነው የጀመርኩት። ዛሬ ሲስተም ፕሮግራመር ነኝ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አምናለሁ። ልክ የሆኑበት ቦታም አለ፤ እዚያ ስደርስ እመሰክርላቸዋለሁ። ዋናውን ነገር ግን ስተውታል። እሳቸው ይህን ማሽን የሚመዝኑት በዕድሜና በፍጥነት ነው። ማሽኑ የተሠራው ግን ለአንድ ሥራ ነው፤ የሰው ገንዘብና የሰው መዝገብ ሳይሳሳት፣ ሳይጠፋና ሳይቋረጥ እንዲያልፍ። አዳዲሶቹ ነገሮች ሁሉ ከዚህ ሥራ የተወለዱ ናቸው። ሥራውን ላላየ ሰው ማስታወቂያ ቢመስሉት አልፈርድበትም።

ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የ1960ዎቹ ማሽን ነው ስለተባለው

አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን ቤተሰብ ያስተዋወቀው ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ነው። ይህ እውነት ነው። ለዚያ ቤተሰብ የተጻፈ ፕሮግራም በትንሹም በትልቁም ሞዴል ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ተነደፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶችም ይህን ቃል ጠበቁ። ስለዚህ አያቶቻችን በሚሆኑ ሰዎች የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም ሲሠራ ይገኛል።

ጸሐፊው ይህን እንደ ነውር ቆጥረውታል። ፊደላችን ስንት መቶ ዓመት እንዳለው አስቡት። ዛሬ ጠዋት የታተመ ጋዜጣ ግን በዚያ ፊደል ስለተጻፈ የድሮ ጋዜጣ አይባልም። ሜይንፍሬምም እንደዚያ ነው። የቆየው ቋንቋው ነው። ብረቱ አዲስ ነው።

ምን ያህል አዲስ? የአይቢኤም የመጨረሻው ሜይንፍሬም ዜድ17 ይባላል። ኤፕሪል 2025 ይፋ ሆነ፣ ጁን 18 ለገበያ ቀረበ። በውስጡ ያለው ቴለም ሁለት የተባለ ፕሮሰሰር ነው። ሳምሰንግ በ5 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ያመርተዋል። በሰከንድ 5.5 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በሙያችን ቋንቋ 5.5 ጊጋኸርትዝ። አንድ ቺፕ ላይ 43 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች አሉ። ትልቁ ሞዴል ለደንበኛው ሥራ እስከ 208 ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ የሚያሰላ ክፍል) እና እስከ 64 ቴራባይት ሚሞሪ ይይዛል። ይህን የ1960ዎቹ ማሽን ማለት ይከብዳል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ግን እኔን የሚማርከኝ ሌላ ነገር ነው፤ የካሽ ሚሞሪው አሠራር። ካሽ ሚሞሪ ፕሮሰሰሩ ቶሎ የሚፈልገውን ዳታ አጠገቡ የሚያኖርበት ቦታ ነው። በተለመደው ፕሮሰሰር ውስጥ በደረጃ ይደረደራል። ለእያንዳንዱ ኮር ትንሽና ፈጣን፣ ቀጥሎ ለሁሉም የጋራ የሆነ ትልቅና ዘገምተኛ። በ2022 ከወጣው ዜድ16 ጀምሮ ይህን ጣሉት። የጋራ የሚባለው መጋዘን ቀረ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ኮር ሰፊ የግል ጓዳ ሰጡት። በዜድ17 ይህ ጓዳ 36 ሜጋባይት ነው፤ በአንድ ቺፕ ላይም አሥር እንዲህ ያሉ ጓዳዎች አሉ። አንዱ ኮር ጓዳው ሲሞላበት ዕቃውን ጎረቤቱ ባዶ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ጎረቤት ለድግስ ድስትና ምጣድ እንደሚዋዋሰው ማለት ነው። ቦታው የጎረቤቱ ነው፤ ፍለጋ ሲሄድ ግን ዕቃውን እዚያው ያገኘዋል። በዚህ መንገድ አንድ ቺፕ 360 ሜጋባይት ያህል የጋራ ካሽ ያለው ያህል ይሠራል። ስምንት ቺፖች ሲያያዙ 2.88 ጊጋባይት ይሆናል።

ይህ ለምን አስፈለገ? የባንክ ሥራ ብዙ ትናንሽ ጥያቄ ነው። ሚሊዮን ሰው ሚሊዮን የተለያየ ሒሳብ ይነካል። አንድ ዓይነት ስሌት ደጋግሞ ከሚሠራ ማሽን ይልቅ የተበታተነ ዳታ ቶሎ የሚያገኝ ማሽን ያስፈልጋል። ጓዳው የሰፋው ለዚህ ነው።

ኤአዩ ከጂፒዩ ጋር አይወዳደርም ስለተባለው

ልክ ነው፤ አይወዳደርም። እንዲወዳደርም አልተሠራም። ጸሐፊው ትልቁን ነገር ያለፉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ባንክ እሄድ ነበር። የቁጠባ ደብተሯን በመስኮቱ ታስገባለች። ገንዘብ ከፋዩ የፊርማ ካርዷን ከአጠገቡ ካለው መሳቢያ ያወጣል። ደብተሩን በግራ፣ ካርዱን በቀኝ አድርጎ ሁለቱን ፊርማዎች ያመሳክራል። አንዴ ቀና ብሎ ያያታል። ከዚያ ይቆጥርላታል። ሁሉም ነገር ደቂቃ አይሞላም። ምክንያቱም ካርዱ እጁ ሥር ነው።

አሁን ካርዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንስ? ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል። ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ደግሞ ከፋዩ የሚያውቀውን ሰው ሳያመሳክር ማሳለፍ ይጀምራል። ወይም ገንዘቡን ይሰጥና ፊርማውን ማታ አየዋለሁ ይላል። ማታ ሲያየው ፊርማው የሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡ ሄዷል።

የካርድ ማጭበርበርን የመያዝ ሥራ ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ ካርዱን ሲያስነካ ባንኩ እሺ ወይም እምቢ የሚልበት ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነው። የማጭበርበር ምልክት የሚለየው የኤአይ ሞዴል ያለው ግን ሌላ ሰርቨር ላይ ነው። ዳታውን በኔትወርክ መላክ፣ መልስ መጠበቅ፣ ተመልሶ መቀጠል። መንገድ ላይ መዘግየት አለ። ሰርቨሩ ከተጨናነቀ ደግሞ መልሱ ሳይመጣ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ቦታ የሚመረመረው ከፊሉ ብቻ ነበር። ቀሪው ገንዘቡ ካለፈ በኋላ ይታያል።

የዜድ16 ፕሮሰሰር የሆነው የመጀመሪያው ቴለም በ2021 ይፋ ሲሆን ያደረገው ነገር ካርዱን ወደ መሳቢያው መመለስ ነው። የኤአዩን ስሌት የሚሠራ ክፍል እዚያው ቺፕ ላይ፣ ከኮሮቹ ጎን ተቀመጠ። ዳታው የትም አይሄድም። ሒሳቡን የሚቀንሰው ፕሮግራም፣ ከመቀነሱ በፊት፣ እዚያው ይጠይቃል፤ መልሱን እዚያው ያገኛል። በአይቢኤም የራሱ ልኬት ዜድ16 በቀን 300 ቢሊዮን እንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ ሚሊሰከንድ የምላሽ ጊዜ መመለስ ይችላል። ዜድ17 ላይ ይህ 450 ቢሊዮን ሆኗል። በሰከንድ ሲካፈል ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው። የአምራች ልኬት በየሰው ቤት እንዳለ አይገኝም፤ ይህን ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ ግማሹ ቢገኝ እንኳ እያንዳንዱን ግብይት ሳይመርጡ ለመመርመር ከበቂ በላይ ነው።

ጂፒዩስ? ሞዴሉን የምታሰለጥኑት እሱ ላይ ነው። ቀን ከሌሊት አሰልጥኑት። ከዚያ ኦኤንኤንኤክስ በሚባለው የጋራ ቅርጽ አውጥታችሁ ወደ ሜይንፍሬሙ ታመጡታላችሁ። ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ የሥራ ቦታው ሌላ። ሁለቱን ማወዳደር መምህሩንና ገንዘብ ከፋዩን እንደማወዳደር ነው።

ዜድ17 አንድ ደረጃ ጨምሯል። ስፓየር የተባለ የተጨማሪ ካርድ አለ፤ ኦክቶበር 2025 ለገበያ ቀረበ። አንዱ ካርድ 32 ኮር እና 128 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። የሚወስደው ኃይል 75 ዋት ነው። አንድ ማሽን ላይ እስከ 48 ካርድ ይገጠማል። ይህ ትልልቅ ሞዴሎችን፣ ጽሑፍ የሚያነቡና የሚጽፉትን ጭምር፣ እዚያው ቤት ውስጥ ለማስኬድ ነው። አጠቃቀሙም ደስ ይላል። ቺፑ ላይ ያለው ትንሹ ሞዴል አብዛኛውን ግብይት ወዲያው ይፈርዳል። ያልጠራውን፣ ከባዱን ጉዳይ ብቻ ወደ ትልቁ ሞዴል ያሳልፋል። ከፋዩ ሲጠራጠር ኃላፊውን እንደሚጠራው ማለት ነው። ኃላፊውም ከጎኑ ተቀምጧል።

የደንበኛው ዳታ ከማሽኑ ሳይወጣ መመርመሩ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ወደ ሌላ ቦታ ያልተላከ ዳታ መንገድ ላይ አይሰረቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው ማንኛውም ሰርቨር ይህንኑ ሒሳብ ይሠራል ብለዋል። ይሠራል። ግን እንዴት? ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መስኮት ክፈቱና 0.1 ሲደመር 0.2 ብላችሁ ጻፉ። የሚመጣው 0.3 አይደለም። 0.30000000000000004 ነው። ኮምፒውተር በሁለት ቤት ቁጥር ስለሚያስብ አንድ አሥረኛን በትክክል መጻፍ አይችልም። ለአየር ትንበያ ችግር የለውም። አሥር ሳንቲምና ሃያ ሳንቲም ለሚደምር ባንክ ግን ችግር አለው። በሌላ ሰርቨር ላይ ይህን በሶፍትዌር ያስተካክሉታል፤ ይቻላል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። ሜይንፍሬም በአሥር ቤት ቁጥር የሚደምርበት ትዕዛዝ ብረቱ ውስጥ አለው። ከ1964 ጀምሮ አለው፤ በየትውልዱም ያፈጥኑታል። ይህ ማንም ማስታወቂያ የማይሠራለት ነገር ነው። እኔ ግን የወር መጨረሻ ወለድ ሲታሰብ በየሌሊቱ አየዋለሁ።

ምስጠራው የትም አለ ስለተባለው

አለ። ቁም ነገሩ ምን ያህሉን ትመሰጥራለህ የሚለው ነው።

ምስጠራ ፕሮሰሰር ይበላል። ስለዚህ ድሮ ሰው እየመረጠ ነበር የሚመሰጥረው። የካርድ ቁጥሩ ይመስጠር፣ አድራሻው ይቅር። ይህን ለመወሰን ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ሁልጊዜ አንድ የተረሳ ፋይል ይገኛል። ሌባ ደግሞ የሚገባው በተረሳው በር ነው።

በ2017 የወጣው ዜድ14 ይህን ስብሰባ አስቀረው። በእያንዳንዱ ኮር ውስጥ የምስጠራው ክፍል በጣም ፈጠነ። ሁሉንም ዳታ መመስጠር የሚቻል ሆነ። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ፕሮግራሙ መነካት የለበትም። አስተዳዳሪው ይህ ፋይል ተመስጥሮ ይቀመጥ ብሎ ደንብ ያወጣል፤ የሠላሳ ዓመቱ ኮቦል ምንም ሳያውቅ እንደድሮው ያነባል፣ ይጽፋል። ዲስኩን የሚያስተዳድረው ሰው ፋይሉን መገልበጥ ይችላል፤ ቁልፉ ስለሌለው ግን ማንበብ አይችልም።

ቁልፎቹ የሚቀመጡት ለብቻቸው በተሠራ ካርድ ውስጥ ነው። ካርዱን ሊከፍት፣ ሊበሳ ወይም ከተለመደው ውጪ ሊያቀዘቅዝ የሚሞክር ሰው ቢመጣ ካርዱ ራሱ ቁልፎቹን ያጠፋቸዋል።

የዛሬውን ምስጠራ ሊሰብር ይችላል በሚባለው የኳንተም ኮምፒውተር ጉዳይ ላይ ጸሐፊው «ገና ያልመጣ ጅብ ነው» የሚል መንፈስ አላቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛሬ የተመሰጠረን ዳታ ገልብጦ አስቀምጦ፣ የኳንተም ኮምፒውተር ሲበረታ ለመፍታት መጠበቅ ይቻላል። የጤና መዝገብ ወይም የጡረታ ሰነድ ከሃያ ዓመት በኋላም ምስጢር ነው። ዜድ16 በ2022 ሲወጣ ለዚህ የተዘጋጁትን ካይበርና ዳይሊቲየም የተባሉ ስልቶች ይዞ ወጣ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እነዚህን የመረጠው በዚያው ዓመት ጁላይ ነው። ኦገስት 2024 ላይ ደግሞ ይፋዊ ደረጃ አደረጋቸው። ማሽኑ ከደረጃው ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል ስለተባለው

«ሲስተም የለም።»

ይህን ቃል አዲስ አበባ ባንክ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያለፈው ክረምት ለእናቴ መድኃኒት ገንዘብ ላወጣ ሄጄ ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ከጎኔ አንዲት እናት ነበሩ። የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ሊከፍሉ ከቡራዩ ነው የመጡት። የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነበር። አሁንም አሁንም እየተነሱ «መጣ?» ይላሉ። ልጅቷ ከመስኮቱ ጀርባ ራሷን ትነቀንቃለች። ባንኩን አልጠራም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አላውቅም፤ መስመሩ ሊሆን ይችላል። የማውቀው ለእኚያ እናት የ«አይቆምም» ትርጉም ግልጽ መሆኑን ነው።

አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል የሚለው ሐሳብ ለድረ ገጽ በጣም ጥሩ ነው። ገጹን የሚያሳየው ሰርቨር ቢሞት ሌላው ያሳያል፤ ማንም አያውቅም። ከአንዱ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳይጨመር የሞተ ሰርቨር ግን ሌላ ነገር ነው። በክላውድ ላይም ይህን ማስተካከል ይቻላል። ሥራው ግን በፕሮግራም ጸሐፊው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ስለ ሞት ማሰብ አለበት።

ሜይንፍሬም ላይ ይህን የሚያስበው ብረቱ ነው። አንድ ኮር ስሌቱን ሲሠራ ራሱን እየፈተሸ ነው። ስህተት ካየ ወደ ኋላ ተመልሶ ያችኑ ትዕዛዝ ይደግማታል። ደግሞም ካልሆነ፣ ኮሩ የደረሰበት ሁኔታ እንዳለ ወደ መጠባበቂያ ኮር ይዛወራል። ለዚህ ብቻ ተብለው ሥራ ሳይሰጣቸው የሚጠብቁ ኮሮች አሉ። ሚሞሪውም እንደዚያ ነው፤ አንድ ሙሉ የሚሞሪ ሰሌዳ ቢበላሽ ሥራው ይቀጥላል።

በሌሊት ፈረቃ ዘመኔ አንድ ጊዜ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የቀኑ ሒሳብ መዝጊያ እየሄደ ነበር። ኮንሶሉ ላይ አንዲት መልእክት ብቅ አለች። አንድ ኮር ወድቆ በሌላ ተተክቷል ትላለች። ሥራዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም እየሄዱ ነው። ደነገጥኩና አለቃዬን ቀሰቀስኩት። «ማሽኑ ራሱ ለአምራቹ ደውሏል፤ ነገ ሰው ይመጣል። ተኛ አልልህም እንጂ አትጨነቅ» አለኝ። በማግስቱ እውነትም ባለሙያው መጣ። እሱ ሲመጣ በዚያች ሌሊት የተዘጋው ሒሳብ ደንበኞች እጅ ደርሶ ነበር። አንዱም ደንበኛ ስልክ አልደወለም።

አዲሱ ነገር እዚህ ላይ ምንድን ነው? በ2019 የመጣው ዜድ15 ሲስተም ሪከቨሪ ቡስት የሚባል ነገር አመጣ። ሲስተሙ ለጥገና ቆሞ ሲነሳ፣ ደንበኛው ካልከፈለበት አቅም ጭምር ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ ፍጥነት ይለቀቅለታል። ከተነሳ በኋላ እስከ 60 ደቂቃ። በዚያች ሰዓት የተጠራቀመው ሥራ ይንጠፈጠፋል። ተጨማሪ የሶፍትዌር ክፍያ የለውም። ጸሐፊው ማስታወቂያ ይሉት ይሆናል። እሑድ ሌሊት ሲስተም አውርዶ ሰኞ ጠዋት ከመንጋቱ በፊት ለማድረስ የተሯሯጠ ሰው ግን እንዲህ አይለውም።

አይቢኤም ዜድ16ን በተሟላ አደረጃጀት 99.999999 በመቶ እንዲገኝ ነው የነደፍኩት ይላል። በዓመት አንድ ሦስተኛ ሰከንድ የማይሞላ መቋረጥ ነው። ለዚያ ከአንድ በላይ ማሽን፣ ተጣምሮ የሚሠራ፣ ጥሩ ሰውም ያስፈልጋል። ብረቱ ብቻውን አያደርገውም።

ስለ ዋጋው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ውድ ነው። ከማሽኑ ይልቅ ሶፍትዌሩ ነው ሰው የሚያስመርረው። ለብዙ ዓመት ሒሳቡ ይታሰብ የነበረው በወሩ ውስጥ በተከታታይ አራት ሰዓት የታየው ከፍተኛ አማካይ አጠቃቀም ተወስዶ ነው። አንዲት ክፉ ከሰዓት በኋላ የወሩን ቢል ታንረዋለች። በ2019 ሌላ የክፍያ መንገድ መጥቷል፤ ነገሩ ትንሽ ቀለለ እንጂ አልረከሰም።

እሳቸው ያላነሱትን እኔ ልጨምርላቸው። ሻጩ እየተመናመነ ነው። ፉጂትሱ በ2030 ሜይንፍሬም መሸጥ እንደሚያቆም ተናግሯል። ሒታቺ የራሱን ብረት መሥራት ከተወ ቆይቷል። አንድ ሻጭ ላይ መንጠልጠል ያሳስባል። እኔንም ያሳስበኛል። ትንሽ ድርጅት፣ አዲስ የተከፈተ የክፍያ ኩባንያ፣ ይህን ማሽን ግዛ ብዬ አልመክርም። የጽሑፌ ነገር አገራችን ሄዳችሁ ሜይንፍሬም ግዙ አይደለም።

ሁሉም ጠቅልሎ ወደ ክላውድ ይግባ ስለተባለው

ጸሐፊው ይህን በሁለት አንቀጽ ጨርሰውታል። የሠሩት ሰዎች ግን በሁለት አንቀጽ አልጨረሱትም።

ቲኤስቢ የሚባል የእንግሊዝ ባንክ አለ። ከሎይድስ ባንክ ተለይቶ ሲወጣ መዝገቡን የሚይዝለት የሎይድስ ሲስተም ነበር። የስፔኑ ሳባዴል ባንክ ገዛው። በኤፕሪል 2018 በአንድ የሳምንት መጨረሻ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኛ ዳታ ወደ አዲስ ሲስተም ተዛወረ። ልብ በሉ፤ ዳታው ራሱ በትክክል ነው የተዛወረው። አዲሱ ሲስተም ግን ሰው ሲገባበት ወዲያው ተሽመደመደ። እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሒሳቡን ማግኘት አቃተው። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው የተመለሰው ዲሴምበር ላይ ነው። ስምንት ወር። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ለደንበኞች የተከፈለው ካሳ ደግሞ 32.7 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

ይህን ያመጣሁት አዲስ ሲስተም መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ጥፋቱ የጥድፊያና የፈተና ማነስ ነበር። የማመጣው መዛወር ቀላል ነው የሚለውን ቃል ለመመለስ ነው። አሮጌው ሲስተም ውስጥ የተቀመጠው ኮድ ብቻ አይደለም። የአርባ ዓመት የሕግ ለውጥ፣ የልዩ ደንበኛ ውል፣ ማንም ያልጻፈው ልማድ በየመስመሩ ተቀብሯል። ይህን ሳያወጡ የሚደረግ መዛወር ቤት ሲቀይሩ የውሃ ማጠራቀሚያውን ከነውሃው እንደመሸከም ነው።

ምርጫው ደግሞ ጸሐፊው እንዳስቀመጡት ወይ ይሄ ወይ ያ አይደለም። ሊኑክስ የተባለው ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሜይንፍሬም ላይ መሥራት የጀመረው በ1999 እና በ2000 ነው። ሬድ ሃት፣ ሱሴ፣ ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ይሠሩበታል። ክላውድ ላይ ፕሮግራም ተጠቅልሎ የሚሄድባቸው ኮንቴይነሮችም ይሠሩበታል። ከስልካችሁ መተግበሪያ የሚመጣው ጥያቄ ክላውድ ላይ ያለን ፕሮግራም አልፎ ሜይንፍሬም ላይ ያለውን መዝገብ ይነካል፤ ይህን በየቀኑ የሚያደርጉ ባንኮች ብዙ ናቸው። ገጽታው እዚያ፣ መዝገቡ እዚህ። ይህ እያንዳንዱን ሥራ ለሚችለው መስጠት ነው።

ወጣቶች ጊዜያቸውን አያጥፉ ስለተባለው

ከሁሉም ያመመኝ ይህ ነው። የተቀሩትን ነጥቦች የጻፉት ስለ ማሽን ነው። ይህን ግን ለእህቴ ልጅ ነው የጻፉት።

እኔ ጋ ያለው ችግር የሥራ ማጣት አይደለም። የሰው ማጣት ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት ግማሾቹ ጡረታ ደጃፍ ላይ ናቸው። በኤፕሪል 2020 የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ፊል መርፊ በቴሌቪዥን ፊት ቆመው የኮቦል ባለሙያ በፈቃደኝነት እንዲመጣ ጠይቀዋል። ሥራ ያጣው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሥራ አጥ ክፍያ ሲጠይቅ ነው ይህ የሆነው።

የዛሬው ሥራም ጸሐፊው እንዳሰቡት አረንጓዴ ፊደል በሚያሳየው የድሮ ስክሪን ፊት መቀመጥ ብቻ አይደለም። ዞዌ የሚባል ክፍት ሶፍትዌር አለ። ከ2018 ጀምሮ ሜይንፍሬሙን ከተለመደው የፕሮግራም መጻፊያ፣ ከቪኤስ ኮድ ውስጥ ለመንካት ያስችላል። ፓይተን አለ፣ ጃቫ አለ፣ አንሲብል አለ። ኮቦልም ቢሆን እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ነው። ከባዱ ቋንቋው አይደለም። ከባዱ ማሽኑ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ማወቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰው ጋር በመሥራት ነው የሚመጣው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በድምፅ መልእክት ነገርኩት። «እሺ ጋሼ፣ ግን የት አግኝቼ ነው የምሞክረው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማሽኑ ሐዋሳ ላይ የለም። አይቢኤም ዜድ ኤክስፕሎር የሚባል ነፃ መማሪያ እንዳለ ነገርኩት። መመዝገብ ብቻ ነው። እውነተኛ ማሽን ላይ የራሱን መለያ ይሰጡታል።

ማታ ማታ፣ ኢንተርኔቱ ሲሻል፣ ጀመረው። ማሽኑ ሥራ በሚታዘዝበት ቋንቋ፣ በጄሲኤል የጻፋት የመጀመሪያዋ ሥራ አንዲት ኮማ ጎድላው ተመለሰችበት። እኔም ስጀምር በዚያችው ኮማ ነበር የታሸሁት። ከሁለት ቀን በኋላ የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ኮንዲሽን ኮድ 0000 ይላል። አሁንም ተሳሳትኩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም፣ ሥራህ ያለ እንከን አልቋል ማለት ነው» አልኩት። ሁለተኛውን ክፍል ጀምሯል።